ለቱቦላሬ መቁረጫ የትኛው መጋዝ ይሻላል?

ጥያቄ፦ «ከቤቴ ጋር በተያያዘች አንድ ክፍል ውስጥ በትርፍ ሰዓቴ ጠረጴዛ፣ ወንበርና መደርደሪያ እሠራለሁ። የምቆርጠው ባብዛኛው 30 በ30 እና 40 በ40 ቱቦላሬ ነው፤ ውፍረቱ 1.5 ወይም 2 ሚሊ። አልፎ አልፎ ክብ ቱቦና አሉሚኒየምም ያጋጥመኛል። እስካሁን የምቆርጠው በግራይንደር ነው፤ ግን አንድም ቀን ቀጥ ብሎልኝ አያውቅም። አንዱ ጓደኛዬ ትልቁን ባለዲስክ መቁረጫ ግዛ ይለኛል። ሌላው ደግሞ እንጨት የምቆርጥበት ማሽን ላይ የብረት ዲስክ ግጠምበት፣ ይበቃሃል ይላል። ልጆቼ ከግድግዳው ወዲያ ነው የሚተኙት። ምን ይመክሩኛል?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ መልሱን አስቀድሜ ልንገርህ፤ ምክንያቱን ከዚያ አስረዳሃለሁ። ለአንተ ሥራ የሚሆነው ትንሽ፣ አግድም የሚቆርጥ የብረት ባንድ ሶው ነው፤ ማለትም እንደ ቀበቶ የተገጠመ ረጅም ባለ ጥርስ ምላጭ የሚዞርበት መጋዝ። ትልቁን ባለዲስክ መቁረጫ አልመክርህም። የእንጨት ማሽንህን ለብረት ቱቦ በፍጹም እንዳትሞክረው። ግራይንደርህን ግን አትሽጠው። ባንድ ሶው እስክትገዛም ሆነ ከገዛህ በኋላ ሥራ አለው።

ቱቦ ከድፍን ብረት የሚለየው በአንድ ነገር ነው፤ ግድግዳው ስስ ነው። የመጋዝ ጥርስ በደንብ የሚቆርጠው ጎረቤቶቹ አብረውት ብረት ላይ ሲያርፉ ነው። አንድ ጥርስ ብቻውን ስስ ግድግዳ ላይ ከወደቀ ይሰነቀራል። ያኔ ወይ ጥርሱ ይረግፋል፣ ወይ ቱቦው ከማሰሪያው ይፈናቀላል። ድሮ ጀምሮ የሚነገረው ደንብ «ሁልጊዜ 3 ጥርስ ብረት ላይ ይኑር» የሚል ነው። በስስ ቱቦ ይህን ሙሉ ለሙሉ ማሟላት አይቻልም። መቅረብ ግን ይቻላል።

በቁጥር ላሳይህ። በእጅ የሚሠራበት ሴጌቶ ምላጭ የሚሸጠው በ1 ኢንች ስንት ጥርስ እንዳለው ተለይቶ ነው፤ 14፣ 18፣ 24 ወይም 32። 1 ኢንች 25.4 ሚሊ ነው። ስለዚህ ባለ 24ቱ ምላጭ በየ1 ሚሊው ገደማ አንድ ጥርስ አለው። ባለ 32ቱ በየ0.8 ሚሊው። የአንተ ቱቦላሬ ግድግዳ 2 ሚሊ ከሆነ በባለ 24ቱ ሁለት ጥርስ ያርፍበታል። በባለ 14ቱ ግን ጥርሱ በየ1.8 ሚሊው ስለሆነ ባብዛኛው አንድ ጥርስ ብቻ ያርፍበታል፤ ግድግዳው 1.5 ሚሊ ከሆነማ አንዱ ጥርስ ወጥቶ ሌላው ሳይገባ ባዶ ቦታ ይፈጠራል። ያ የምታውቀው «ቀጭ» ብሎ የሚይዝ ነገር የሚመጣው ከዚህ ነው። ብዙ ሰው ሴጌቶ ለቱቦ አይሆንም የሚለው የድፍን ብረት ምላጭ በቱቦ ላይ ስለሞከረ ነው። ባለ 32 ምላጭ ግጠምና ሞክረው። ጥርሱ ወደ ፊት እንዲያይ አድርገህ ወጥረው። ስትቆርጥ ሴጌቶውን ትንሽ ዘንበል አድርገው፤ ዘንበል ሲል ምላጩ የሚነካው ብረት ይረዝማል፣ አብረው የሚሠሩት ጥርሶችም ይበዛሉ። አንዱን ግድግዳ ስትጨርስ ቱቦውን አዙረህ ቀጣዩን ጀምር። በሳምንት 4 ወይም 5 ቁራጭ ብቻ የምትቆርጥ ቢሆን ኖሮ ጥሩ ሴጌቶና ጠንካራ ሞርሳ (ብረቱን የሚይዘው ማሰሪያ) ይበቃሃል ብዬ እዚህ ላይ አቆም ነበር። አንድ ጠረጴዛ ግን ከ10 ቁራጭ በላይ ይፈልጋል፤ ክንድህም ይደክማል። ክንድ ሲደክም መስመሩ ይስታል።

ሁለተኛው ነገር ፍጥነት ነው። ብረት ቀስ ብሎ የሚቆረጥ ነገር ነው። በባንድ ሶው ተራ ብረት ሲቆረጥ ምላጩ በደቂቃ ከ30 እስከ 60 ሜትር ቢሄድ ይበቃል። እንጨት የሚቆርጥ ባንድ ሶው በደቂቃ ብዙ መቶ ሜትር ይሮጣል። በዚያ ፍጥነት ብረት ላይ ብታሳርፈው ጥርሱ ግሎ በሰከንዶች ውስጥ ይደንዛል። «ባንድ ሶው አለኝ እኮ» የሚሉ ሰዎች እዚህ ላይ ነው የሚሳሳቱት። ለብረት የተሠራውን ከሌላው የሚለየው ማርሽ ሳጥኑ ነው፤ ሞተሩን ዝግ አድርጎ ጉልበት ይሰጠዋል።

አሁን ወደ ጓደኞችህ ምክር ልምጣ። ሁለተኛው አደገኛ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር።

የእንጨት መቁረጫ ማሽን ባብዛኛው በደቂቃ 4,000 ወይም 5,000 ዙር ይዞራል። ጥርስ ያለው የብረት ዲስክ፣ ማለትም ባለ 355 ሚሊው ዓይነት፣ የተሠራው ለ1,300 ወይም 1,500 ዙር ገደማ ነው። ከተፈቀደለት በላይ የሚዞር ዲስክ ጥርሱን ወደ ሰው ይወረውራል። አሸዋማውን ዲስክ፣ ማለትም ጥርስ የሌለውንና ብረቱን እየፋቀ የሚቆርጠውን፣ ብትገጥምበትስ? ማሽኑ የተሠራው ለእንጨት ዱቄት ነው። የዱቄት መሰብሰቢያው ከረጢት ጨርቅ ነው። መከለያው ብዙ ጊዜ ፕላስቲክ ነው። የጋለ ፍንጣሪ እዚያ የተጠራቀመ የእንጨት ዱቄት ውስጥ ሲገባ ወዲያው ላይነድ ይችላል። ውስጥ ውስጡን ሲጨስ ቆይቶ፣ አንተ መብራት አጥፍተህ ከሄድክ በኋላ ይቀጣጠላል። ልጆች ከግድግዳው ወዲያ ይተኛሉ ብለሃል። ይህን ነገር በልመና ጭምር ነው የምነግርህ፤ አትሞክረው።

አሉሚኒየም ብቻ የተለየ ነው። ለስላሳ ስለሆነ ለአሉሚኒየም ተብሎ የተሠራ ባለ ካርባይድ ጥርስ ዲስክ በእንጨት ማሽን ላይ መግጠም ይቻላል። ዲስኩ ላይ የተጻፈው ከፍተኛ ዙር ግን ከማሽኑ ዙር መብለጥ አለበት። ቁራጩ በእጅ ሳይሆን በማሰሪያ ይያዝ። ዲስኩ ላይ ትንሽ ሰም ቀባው፤ ካልቀባኸው አሉሚኒየሙ ጥርሱ መሃል ይለጠፋል።

አሁን ትልቁ ባለዲስክ መቁረጫ። ይህን ማሽን ሁላችንም እናውቀዋለን። ብረት ሥራ ባለበት ሁሉ አለ። ርካሽ ነው፣ አይሰበርም፣ ማንኛውንም ብረት ይበላል። ጥፋቱ አሠራሩ ላይ ነው፤ ብረቱን የሚቆርጠው በጥርስ ሳይሆን በመፋቅና በማቃጠል ነው። ስለዚህ ሦስት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ የተቆረጠው ጫፍ ግሎ ሰማያዊ ይሆናል፤ ከሥሩም ጠንካራ ጭራ ይወጣል። እያንዳንዱን ጫፍ እንደገና በሞረድ ወይም በግራይንደር ማጽዳት አለብህ። ሁለተኛ፣ ዲስኩ ይጣመማል። 355 ሚሊ ስፋት ያለው፣ 3 ሚሊ ገደማ ብቻ የሚወፍር ዲስክ ስትጫነው ወደሚቀለው በኩል ይሄዳል። ከላይ በመስመሩ ገብቶ ከታች 1 ዲግሪ ስቶ ይወጣል። ሦስተኛ፣ ጩኸቱና ፍንጣሪው። ያለ ጆሮ መከላከያ አጠገቡ መቆም አይገባም። ያንተ ግድግዳ አይከልለውም። ጥቁሩ ብናኝም ክፍሉን ሁሉ ይለብሰዋል።

«1 ዲግሪ ምን ያመጣል?» ልትለኝ ትችላለህ። በ40 ሚሊ ቱቦላሬ ላይ 1 ዲግሪ ማለት 0.7 ሚሊ ክፍተት ነው። ለብየዳ ኢምንት ይመስላል። ግን ያ ጫፍ ላይ 70 ሳንቲ ሜትር የጠረጴዛ እግር አቁመህ ብትበይድ፣ ከታች 12 ሚሊ ያህል ወደ ጎን ወጥቶ ታገኘዋለህ። በዚያ ላይ ስስ ግድግዳ ክፍተት ሲኖረው ለመሙላት ብዙ ትበይዳለህ። ሙቀቱ ይበዛል፣ ብረቱ ይጎትታል፣ ወይ ይበሳል። ጠረጴዛህ አንድ እግሩ እየተንሳፈፈ አስቸግሮህ ከሆነ ብየዳህን ብቻ አትውቀስ። ብዙ ጊዜ ችግሩ የሚጀምረው ከቆረጣው ነው።

በመካከል ደግሞ ድራይ ካት የሚባለው አለ። መልኩ ባለዲስክ መቁረጫውን ይመስላል፤ ግን ዙሩ ከእሱ ዙር ሢሶ ብዙም አይርቅም፣ ዲስኩም ባለ ካርባይድ ጥርስ ነው። ቆረጣው ያምራል። ጫፉ ወዲያው በእጅ ለመንካት የሚቀርብ ያህል ቀዝቃዛ ነው። ቀጥ ይላል፣ ይፈጥናልም። እኔ በጣም እወደዋለሁ። ለአንተ ያላስቀደምኩት በሁለት ምክንያት ነው። ጩኸቱ አሁንም ትልቅ ነው። ዲስኩ ደግሞ ይቅርታ አያውቅም። አንድ ቀን በደንብ ያልታሰረ ቱቦላሬ እየቆረጥኩ ሳለ መጨረሻው ላይ ቁራጩ ተንሸራተተብኝ። የሰማሁት አንድ «ጧ» ብቻ ነው። ዲስኩን ሳወጣው 5 ጥርስ ተከታትለው ረግፈዋል፤ ገና ሁለተኛ ሳምንቱ ነበር። በአሸዋማ ዲስክ ላይ ይህ ቢደርስ አዲስ ገጥመህ ትቀጥላለህ። እዚህ ግን ዋና ወጪው ዲስኩ ነው። ቀኑን ሙሉ ለሚቆርጥ ሰው ድራይ ካት ያዋጣል። በሳምንት አንድ ከሰዓት ለሚሠራ ሰው ባንድ ሶው ይሻለዋል። ስትገዛ እንዳትሳሳት አንድ ነገር ያዝ፤ ባለ ጥርሱን ዲስክ ገዝተህ በአሸዋማው ዲስክ ማሽን ላይ እንዳትገጥም። ያኛው በደቂቃ 3,800 ወይም 4,000 ዙር ይዞራል።

እንግዲህ ባንድ ሶው። ክንዱን አንስተህ ቱቦውን ታስራለህ፣ ማብሪያውን ትጫናለህ፣ ክንዱ በራሱ ክብደት ቀስ እያለ ይወርዳል። ሲጨርስ ራሱ ያጠፋል። 40 ሚሊ ቱቦላሬ ሲቆርጥ የሚሰማህ ድምፅ እንደ አሮጌ የልብስ ስፌት ሞተር ያለ ማጉረምረም ነው። አጠገቡ ቆመህ ማውራት ትችላለህ። ፍንጣሪ የለም። ከሥሩ የሚወርደው ትንንሽ የተጠቀለለ የብረት ፍቅፋቂ ነው። የሚያባክነው ብረትም 1 ሚሊ ገደማ ብቻ ነው። አንዱ እየተቆረጠ ሳለ አንተ ቀጣዩን ትለካለህ። ቆረጣው ከድራይ ካት ይዘገያል፤ ግን ጫፉን ለማጽዳት የምታጠፋው ጊዜ ስለሌለ ቀኑ ሲያልቅ ብዙ ልዩነት አታይበትም።

ስትመርጥ መጀመሪያ የምታየው ሞርሳውን ነው። ሞተሩ 100 ዋት ቢበልጥ ቢያንስ ለቱቦላሬ ለውጥ የለውም። ሞርሳው የሚወላገድ ከሆነ ግን ምንም ምላጭ አያድንህም። የሞርሳውን ጥርስ ጨብጠህ ወዝውዘው፤ ከተነቃነቀ ተወው። ቀጥለህ 45 ዲግሪ እንዴት እንደሚቆርጥ ጠይቅ። በአንዳንዱ ማሽን የሚዞረው ሞርሳው ነው። በሌላው የሚዞረው ክንዱ ነው። በጠባብ ክፍል ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። ሞርሳው የሚዞር ከሆነ 6 ሜትሩ ቱቦ አብሮ ይዞራል፤ ግድግዳ ይገጭብሃል። ክንዱ የሚዞር ከሆነ ቱቦው በቦታው ይቆያል። ክፈፍ የምትሠራ ከሆነ ክንዱ የሚዞረውን ውሰድ። በ45 ዲግሪ ሲቆርጥ የሚችለው ስፋት እንደሚቀንስም አትርሳ። ለአንተ 40 ሚሊ ግን የትኛውም አያንስም። ከዚያ የምላጩን ርዝመት እይ፤ በቀላሉ ምላጭ የማይገኝለት ማሽን አንድ ቀን ዕቃ ማስቀመጫ ይሆናል። ፍጥነቱን በቀበቶ ወይም በቁልፍ መለወጥ መቻሉንም አረጋግጥ። ለማይዝግ ብረት ዝቅተኛውን፣ ለተራ ብረት መካከለኛውን፣ ለአሉሚኒየም ከፍተኛውን ትጠቀማለህ።

ከማሽኑ ጋር የሚመጣውን ምላጭ ብዙ አትመንበት። ባይ ሜታል የሚባለውን ግዛ፤ ጀርባው የሚተጣጠፍ ብረት፣ ጥርሱ ደግሞ ፈጣን ቆራጭ ብረት ነው። ለ1.5 እና ለ2 ሚሊ ግድግዳ 14/18 የተባለውን (በ1 ኢንች ከ14 እስከ 18 ጥርስ) ውሰድ። ሁለቱ ቁጥሮች የሚነግሩህ ጥርሶቹ በእኩል ርቀት እንዳልተሰለፉ ነው፤ ይህ ምላጩን ከመንቀጥቀጥ ያድነዋል። ወፍራም ብረት ሲመጣ 10/14 ትለውጥበታለህ።

አዲስ ምላጭ ላይ ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር አለ። የመጀመሪያዎቹን ቁራጮች ከተለመደው ግማሽ በሆነ ጫና ቁረጥ። አዲስ ጥርስ ጫፉ እንደ ምላጭ ስለት የሾለ ነው። ወዲያው ብትጫነው ያ ጫፍ ይሸረፋል፤ ጥርሱም ዕድሜውን ሙሉ የተሸረፈ ሆኖ ይኖራል። ቀስ ብለህ ከጀመርክ ግን ጫፉ በትንሹ ይድቦለቦልና ይጠነክራል። የክንዱን ክብደት የምታስተካክለው በስፕሪንጉ ነው። ትክክል መሆኑን ፍቅፋቂው ይነግርሃል። ዱቄት ከሆነ ጫናው አንሷል፣ ምላጩ እየፈተገ ነው። ሰማያዊ ሆኖ ከወጣ በዝቷል ወይ ፈጥኗል። ብርማ ሆኖ ከተጠቀለለ አትንካው፣ ደህና ነው።

አስተሳሰርም አለ። ቱቦላሬውን በጎኑ በደንብ አስተኛው። አጭር ቁራጭ ስትይዝ የሞርሳው ጥርስ በአንድ በኩል ብቻ ስለሚነክስ ይጠማዘዛል፤ በሌላው ጫፍ ከዚያው ቱቦላሬ የተረፈ ቁራጭ ሸጉጥ። ረጅሙ ጫፍ እንዳይንጠለጠል ከሥሩ ድጋፍ አድርግለት፤ ቁመቱ ከማሽኑ አልጋ ጋር እኩል ይሁን። ክብ ቱቦ ከሆነ ሞርሳውን ከመጠን በላይ አታጥብቅ፤ ስስ ከሆነ እንቁላል ይሆናል። ከእንጨት መሃሉ በቪ ቅርጽ የተቦረቦረ ድጋፍ ብትሠራለት ሳትጨፈልቀው ይያዝልሃል። ባንድ ሶው እየሠራ ሳለ ጓንት አታድርግ፤ ምላጩ ጓንቱን ከያዘ እጅህን ይዞ ይሄዳል። መነጽር ግን ሁልጊዜ።

ማሽኑን እስክታገኝ ድረስ በግራይንደርህ ቀጥ ያለ ቆረጣ ማውጣት ትችላለህ። ያስቸገረህ አንድ ጊዜ ከላይ እስከ ታች ለመቁረጥ መሞከርህ ይመስለኛል። እንዲህ አድርግ። በስኳድራ (በማዕዘን መለኪያ) አራቱንም ጎን አስምር፤ የመጨረሻው መስመር ከመጀመሪያው ጋር ካልገጠመ ቱቦው ወይ ስኳድራው ችግር አለበት። ክብ ቱቦ ከሆነ ጠርዙ ቀጥ ያለ ወረቀት ዙሪያውን ጠቅልልበት። የወረቀቱ ጠርዝ ራሱ ላይ በትክክል ሲደራረብ መስመርህ እሱ ነው። ከዚያ 1 ሚሊ ውፍረት ያለው ዲስክ ግጠም። መጀመሪያ አራቱንም ጎን በስሱ ጫር፤ አትብሳው። ቀጥለህ ጎን በጎን፣ ግድግዳ በግድግዳ ቁረጥ። ዲስኩ የራሱን ጭረት ስለሚከተል አይስትም። የሚወድቀው ቁራጭ ነፃ ይሁን፤ ሁለቱም ጫፍ ከታሰረ ወይም መሃሉ ከረገበ ክፍተቱ ዲስኩን ይቆነጥጠዋል፤ ግራይንደሩም ወደ አንተ ይወረወራል። መከለያውን በምንም ምክንያት አታውጣ። ዲስኩ መሃል ላይ የታተመ የጊዜ ገደብ አለ፤ ካለፈበት ጣለው። የማይዝግ ብረት ከመጣ ለእሱ የተሠራ ዲስክ ለይተህ ያዝ፤ ተራ ብረት የቆረጥክበትን ብትጠቀም ብናኙ ይለጠፍበትና በኋላ ይዝጋል። ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተለበጠ) ከሆነ የግራይንደር ሙቀት ዚንኩን ስለሚያጨሰው በር ክፈት፣ የአፍንጫ መከላከያም አድርግ። በባንድ ሶው ይህ ጭስ የለም።

አንድ የመጨረሻ ነገር። አዲሱን ማሽን ስታመጣ፣ ዋና ሥራህን ከመጀመርህ በፊት፣ በተረፈ ቱቦላሬ ላይ ይህን ሞክር። አንዴ ቁረጠው። ሁለቱን ቁራጮች ማሽኑ ላይ በነበሩበት አኳኋን ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስተኛና የተቆረጡትን ጫፎች አጋጥም። ከዚያ አንዱን ቁራጭ ብቻ በርዝመቱ ግማሽ ዙር አሽከርክረውና፣ ላይኛው ጎኑ ታች ሆኖ፣ እንደገና አጋጥመው። መጀመሪያ የተደበቀው ስህተት አሁን ሁለት እጥፍ ሆኖ ይታያል። 1 ዲግሪ ከሳተ 1.4 ሚሊ ያህል ብርሃን ታያለህ። ክፍተቱ ከላይ ወይም ከታች ከሆነ የምላጩን መምሪያ ቡሎኖች አስተካክል። ክፍተቱ በቀኝ ወይም በግራ ጎን ከታየ ደግሞ የሞርሳውን አንግል አስተካክል። አስተካክለህ እንደገና ቁረጥ። ብርሃን እስኪጠፋ ድረስ ሦስት ወይም አራት ጊዜ ሊወስድብህ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ የጠረጴዛህን እግር መቁረጥ ጀምር።